ጥበቃውን ከመቆጣት ውሉን መመርመር

በአዲስ አበባ መሀል፣ በልደታ፣ በሰንጋ ተራ፣ በካዛንቺስ ወይም በቦሌ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ስለ ሕንፃው አገልግሎት ሲጠየቅ የሚዘረዝረው ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ጥበቃው ሌሊት በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ደረጃው ለቀናት አይጠረግም፤ ሊፍቱ ሲቆም ባለሙያ የሚጠራ የለም፤ ውሃ በመጣበት ሌሊት ፓምፑን የሚያስነሳ ሰው ስለማይገኝ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ በማግስቱ በጀሪካን ይቀዳል። ቅሬታው እውነተኛ ነው። በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፍል ሰው የከፈለበትን አገልግሎት ማግኘት አለበት። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአካል ጉዳተኛ ደግሞ ሊፍት ቆመ ማለት ከቤት መውጣት ቀረ ማለት ነው። ስህተቱ ያለው ቅሬታውን ይዘን በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ወይ በር ላይ ያገኘነውን ሠራተኛ እንቆጣለን፣ ወይ ጉርሻ ሰጥተን የራሳችንን ጉዳይ ብቻ እናስፈጽማለን፣ ወይ ዝም ብለን እናልፋለን። በሦስቱም መንገድ የተሻሻለ ነገር የለም። እኔ የማምነው መጥፎ የሕንፃ አገልግሎት በአብዛኛው የሚጀምረው ከሠራተኛው ጠባይ ሳይሆን ከአሠራሩ፣ ማለትም ከውሉ፣ ከሥራ ሰዓቱ፣ ከክፍያውና ከኃላፊነት ክፍፍሉ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ቅሬታው መቅረብ ያለበት ይህን አሠራር ለመሠረተውና ለሚቆጣጠረው አካል ነው፤ በብዙ ሕንፃዎች ደግሞ ያ አካል ነዋሪው ራሱ አባል የሆነበት ማኅበር ነው።

በመጀመሪያ ቁጣው የሚያርፍበትን ሰው እንመልከት። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ስለ ሊፍቱ የጥገና ውል የሚያውቀው ነገር የለም። የጥገናው ክፍያ ካልተከፈለ፣ መለዋወጫው ካልተገዛ ወይም ጄኔሬተሩ ነዳጅ ከሌለው ጥበቃው ማድረግ የሚችለው ለሚገባና ለሚወጣው ሁሉ «ተበላሽቷል» ማለት ብቻ ነው። የውሃውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የከተማዋ ውሃ በፈረቃ ስለሚታደል ወደ ላይኛው ፎቅ የሚደርሰው በማጠራቀሚያ ወይም በሮቶ ተይዞ በፓምፕ ሲገፋ ነው። ፓምፑን በስንት ሰዓት ማን ያስነሳል? መብራት ከጠፋ ምን ይደረጋል? ሞተሩ ከተቃጠለ ከየትኛው ገንዘብ ይሠራል? እነዚህ አስቀድመው ካልተወሰኑ ውሃው በመጣበት ሌሊት ጥፋተኛ የሚባለው በአጋጣሚ ተረኛ የሆነው ሰው ነው። ቆሻሻም ከሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ እጅ ወጥቶ በየአካባቢው ለተደራጁ ሰብሳቢ ማኅበራት ይተላለፋል፤ እነርሱ በቀናቸው ካልመጡ ከረጢቱ በደረጃው ሥር ይከመራል፣ ወቀሳው ግን ለጽዳት ሠራተኛዋ ይደርሳል። በሦስቱም ጉዳዮች ውሳኔው የተጓደለው ሌላ ቦታ ነው። የምንቆጣው የቀረበንን ሰው ስለሆነ መወሰን የነበረበት አካል ችግሩን ሳይሰማ ይቀራል።

ከሁሉ የበዛውን ቅሬታ፣ ጥበቃው ይተኛል የሚለውን፣ በቁጥር መመርመር ይቻላል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድን በር ቀንና ሌሊት ሁለት ሰዎች ብቻ እየተፈራረቁ ከጠበቁት እያንዳንዳቸው በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ይሠራሉ። ሃያ አራት ሰዓት ሠርቶ ሃያ አራት ሰዓት ማረፍ የሚባለው የተለመደ ፈረቃ ውጤቱ ይኸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ተደምረው 60 ሰዓት ናቸው፤ 84 ሰዓት ከዚህ በ24 ሰዓት ይበልጣል። በዚህ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ቢያሸንፈው ስንፍና ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሰውነት ከዚህ በላይ አይሸከምም። 168ን ለ48 ስናካፍል ሦስት ተኩል ይመጣል። ስለዚህ አንድ በር ቀንና ሌሊት በንቃት እንዲጠበቅ የሚፈልግ ሕንፃ አራት ሰው ያስፈልገዋል። ሁለት ሰው ቀጥሮ የአራት ሰው ንቃት መጠበቅ ራስን ማታለል ነው፤ የሚከፈለውም በነዋሪው ደኅንነት ነው።

ክፍያውም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በኢትዮጵያ ለግል ዘርፍ ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሥራ ላይ አልዋለም። የ2011ዱ አዋጅ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር በር ከፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ለዓመታት ሲያነሳ ቆይቷል። ወለሉ እስኪወሰን ግን የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ በድርድር አቅሙ ይወሰናል፤ ከገጠር መጥቶ ሥራ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የመደራደር አቅም የለውም። ሠራተኛው በኤጀንሲ በኩል የመጣ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ይሸፈናል። ነዋሪው ለኤጀንሲው ምን ያህል እንደሚከፍል ያውቃል፤ ከዚያ ውስጥ ለጥበቃው የሚደርሰውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም፣ አይጠይቅምም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው የሠራተኛውን ደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ይህ መዋጮ ለሕንፃው ጥበቃ ይገባለት እንደሆነ የጠየቀ የነዋሪ ኮሚቴ ስንት ነው? ለኑሮው የማይበቃ ደመወዝ የሚያገኝ፣ ጡረታው ያልተረጋገጠ ሠራተኛ የተሻለ ባገኘ ቀን ጥሎ ይሄዳል። አዲስ የሚመጣው ነዋሪውን ከሌባው ለይቶ እስኪያውቅ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ እርሱም ይለቃል።

የሠራተኛው አለቃ ማን እንደሆነ አለመታወቁም አገልግሎቱን ይበድላል። ሠላሳ አባወራ ባለበት ብሎክ ሠላሳውም ያዝዛል። አንዱ መኪናውን እንዲያጥብለት፣ ሌላዋ ጋዝ ሲሊንደር እንዲሸከምላት፣ ሦስተኛው ሱቅ ደርሶ እንዲመጣ ይልከዋል። እነዚህን ሲፈጽም በሩ ክፍት ይቀራል፤ አልሄድም ሲል ደግሞ ትዕቢተኛ ይባላል። የሥራ ዝርዝሩ በጽሑፍ ስላልተሰጠው የትኛው ግዴታው፣ የትኛው ውለታ እንደሆነ እርሱም ነዋሪውም አያውቁም። ጉርሻ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ጉርሻ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለደከመ ሰው ምስጋና ነው። ነገር ግን በደመወዝ መሠራት ያለበት ሥራ በጉርሻ መሠራት ከጀመረ አገልግሎቱ ለሁሉም መሆኑ ይቀርና ለሚሰጥ ብቻ ይሆናል። በጡረታ የሚኖሩት እናት ዕቃቸውን አራተኛ ፎቅ የሚያደርስላቸው ሲያጡ መኪና ያለው ጎረቤታቸው ሦስት ሰው ይሯሯጥለታል። ጉርሻ ሰጪው ችግሩን የፈታ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ችግሩን ወደ አቅመ ደካማው ጎረቤቱ ማዛወር ነው።

እንግዲህ ይህን ማን ያስተካክል? ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መልሱ በሕግ ተቀምጧል። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲመሠርቱ፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውንና ሌሎች የጋራ መጠቀሚያዎችን በማኅበሩ አማካይነት እንዲያስተዳድሩ፣ ለጋራ ወጪም እንዲያዋጡ ያደርጋል። ስለዚህ ጥበቃው የተቀጠረው በማኅበሩ ስም ነው፤ ኤጀንሲው ውል የገባው ከማኅበሩ ጋር ነው፤ የሊፍቱ ጥገና የማኅበሩ ሥራ ነው። በተግባር ግን ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር ይኖራሉ፣ በጠቅላላ ጉባኤም አይገኙም። በየቀኑ ደረጃውን የሚወጣው ተከራይ ደግሞ በማኅበሩ ድምፅ የለውም። ይህ ክፍተት ትልቅ ቢሆንም መሙላት ይቻላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የተጻፈ ውል ካለ የጥበቃ፣ የጽዳትና የሊፍት ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ አገልግሎቱ ሲጓደል አከራዩ ለማኅበሩ ጉዳዩን የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት እዚያው ላይ ማስፈር ይቻላል። ተከራዩ በስብሰባው ድምፅ ባይኖረው እንኳ በዚህ መንገድ አከራዩን ሊያናግር ይችላል።

ቅሬታ ውጤት እንዲኖረው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ቀኑ፣ ሰዓቱና የጎደለው አገልግሎት ተጽፎ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ወይም ለሕንፃው አስተዳዳሪ ይሰጥ፤ መልስ የሚጠበቅበት ቀንም ይጠቀስ። ኮሚቴው በበኩሉ አንድ ቅሬታ ተቀባይ ይሰይም፣ የሥራ ዝርዝሩን በመግቢያው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፣ የገቢና ወጪ ሒሳብም በየሦስት ወሩ ያሳውቅ። ከኤጀንሲ ጋር የሚፈረመው ውል የተረኞችን ቁጥር፣ የፈረቃውን ርዝመት፣ ለሠራተኛው የሚደርሰውን ደመወዝ፣ የቀረ ሰው ሲኖር ተተኪ የሚላክበትን ጊዜና ኤጀንሲው ሲያጓድል ከክፍያው የሚቀነሰውን ያካትት። ቁጣ በማግስቱ ይረሳል፤ በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ግን ለሚቀጥለው ጉባኤ ይደርሳል፣ ውሉ ሲታደስም በጠረጴዛው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት የመጀመሪያ ነጥብ ሠራተኛውን ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል የሚል ነው። ሥጋታቸው መናቅ የለበትም። በሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሰው የቤቶችን ባዶነት፣ የሰዎችን መግቢያና መውጫ ያውቃል፤ ከሌባ ጋር የተባበረ፣ ነዋሪን የሰደበ ወይም ሴት ልጅን ያስቸገረ ሠራተኛ በደካማ ደመወዝ ሰበብ ሊታለፍ አይገባም። ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ይነገር፣ ጥፋት ከሆነ ይቀጣ። ነገር ግን ቅጣቱ ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። አዋጅ 1156/2011 በተደጋጋሚ የሚያረፍድን ወይም ከሥራ የሚቀርን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት በቅድሚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። በቃል የተጮኸበት ሠራተኛ በሕግ ፊት እንዳልተነገረው ይቆጠራል። በተጨማሪም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ የሥራ ዝርዝር፣ መዝገብና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታታሪውን ይጠብቃሉ፣ አጥፊውንም ያጋልጣሉ። ተጠያቂነትን የሚያጠፋው ሁሉ ነገር በአፍ የሚሄድበት የዛሬው ልማድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ለአራት ጥበቃ፣ ለተሻለ ደመወዝና ለጥገና ተቀማጭ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከብዙ ቤተሰብ የሚወጣ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፣ ወጪው ለብዙ ቤት የሚካፈል ነው፤ ሠላሳ ቤት ባለበት ብሎክ አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ማለት ለእያንዳንዱ ቤት የደመወዙ አንድ ሠላሳኛ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚያሳንሰው በአብዛኛው የማይከፍለው ሰው ነው። የጋራ ክፍያውን የማይከፍል ባለቤት ጥበቃውን በጎረቤቱ ኪሳራ ይጠቀማል። ሒሳብ በግልጽ ሲቀርብና ያልከፈሉ ቤቶች ሲታወቁ የሚከፍለውም በልቡ አምኖ ይከፍላል፤ ሒሳብ ሲደበቅ ግን ከፋዩም እጁን ይሰበስባል። ለሁሉም ነገር የሚበቃ ገንዘብ ባይገኝ ደግሞ ነዋሪዎች ተሰብስበው የሚቀነሰውን ይወስኑ። ለምሳሌ ሌሊቱን ሙሉ የነቃ ጥበቃ ይቅርና በሩ በቁልፍ ይዘጋ ማለት ይቻላል። ይህ በግልጽ የተወሰነ ውሳኔ ነው። የማይገባው ያልከፈልንበትን እየጠበቅን ሠራተኛውን ስለ ጉድለቱ ማዋረድ ነው።

ሦስተኛው፣ «ስብሰባ ቢጠራ ማን ይመጣል?» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ነው። እድርን በየወሩ እያዋጣ፣ መዝገብ እያስያዘ፣ የቀረውን እየቀጣ ለትውልድ ያቆየ ሕዝብ የአንድ ብሎክ ጉዳይ ማስተዳደር አይሳነውም። ልዩነቱ በእድር ማን ምን እንደሚያዋጣና ምን እንደሚያገኝ ሁሉም ማወቁ ነው። በሕንፃዎቻችንም የጎደለው ይህ ግልጽነት ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የፎቅ ቤት ነዋሪ የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ላኩ። እዚያም የጥበቃዎቹ ፈረቃ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከምንከፍለው ለሠራተኛው ስንቱ እንደሚደርስና ቅሬታ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ያልቻለ ኮሚቴ ይተካ፣ መመለስ ያልፈለገ ኤጀንሲ ውሉ አይታደስለት። በር ላይ የሚቆመውንም ሰው ስሙን እየጠራችሁ ሰላም በሉት፤ ሥራውን በሥርዓት መጠየቅና ሰውነቱን ማክበር አብረው የሚሄዱ ግዴታዎች ናቸው።