በሬ ያሸጠው ፍርሃት፦ ስለ ምዕራብ ጎጃም ገበሬና ስለ ጠመንጃ የቀረበ ምላሽ

የጎጃም ገበሬና ጠመንጃ በተነሡ ቁጥር አንድ መልስ ከጥያቄው ቀድሞ ይመጣል፤ «ባህሉ ነው» የሚል። ጠመንጃ የወንድ ልጅ ጌጥ ነው፣ በሠርግና በለቅሶ ይተኮሳል፣ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ስለዚህ በኮሮናው ዘመን ገበሬው መሣሪያ ቢሸምት የወትሮው ነው ይባላል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አማራ ወንድነትና ጦረኝነት የጻፈው ለዚህ አመለካከት የምሁር ድጋፍ ሆኖ ቆይቷል። አመለካከቱ ስህተት ነው፤ ስህተቱም ሰው የሚጎዳ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ባህሉ የለም አልልም። ከቡሬ በማንኩሳ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ቋሪትና ወደ ገበዝ ማርያም፣ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያልሆነ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። በ1933 ዓ.ም. ቡሬና ደምበጫ ላይ ጣሊያን ሲወጋ የነበረው ጠመንጃ ክብር ቢሰጠው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለዘመናት የኖረ ባህል የአንድን ወቅት ጥድፊያ አያስረዳም። የአባቱ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ለጌጥና ለክብር ከበቃ፣ ልጁ የሚያርስበትን በሬ ሸጦ ክላሽ የሚገዛው ለምንድን ነው? በሬውን የሸጠ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ግድ ይሆንበታል፤ የምርቱን ግማሽ ያጣል። ለጌጥ ብሎ የልጆቹን እህል የሚቀንስ ገበሬ አላውቅም። ይህን የሚያደርገው የፈራ ሰው ነው።

ምኑን ፈራ? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ መሬት የተጻፈ መጽሐፍ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከቋሪት ጎረቤት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስት ሥርዓትን አጥንቷል። ያገኘው ሕዝብ ብዙ ጊዜውን በሙግት የሚያሳልፍ ነው፤ ትውልድ ይቆጥራል፣ ምስክር ያቆማል፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ይከራከራል። የዳሞት ሰው ስሙ የሚነሣው በጠመንጃ ቢሆንም ዕድሜውን የጨረሰው በሙግት ነው። ጠቡ ሁሉ ወደ ደም ያልሄደው የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስለነበረ ነው፤ ሸንጎው፣ ሽምግልናው፣ ዕርቁ።

ወረርሽኙ የነካው ይህንኑ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በዚያው ወር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ፤ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና የቡሬ ጎረቤት የሆነችውን ጥሊሊን ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ አገደ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ለበሽታው ተገቢ ጥንቃቄ ነበር፤ ይህን አልነቅፍም። ዳሩ ግን ሽምግልና በአራት ሰው አይቆምም። የሟች ወገን አለ፣ የገዳይ ወገን አለ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ካህኑ አለ። ሰንበቴውና ማኅበሩም ሰዎች ቂማቸውን ሳይናገሩት የሚያበርዱበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲታጎል የወሰን ገፊውና የተገፊው ጉዳይ በነበረበት ተንጠልጥሎ ቀረ።

በላዩ ላይ ከሩቅ የሚመጣው ወሬ ነበር። የምዕራብ ጎጃም ሰው መሬት ሲጠበው ወደ መተከልና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ እየሄደ የኖረ ነው፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደውን መንገድ የሚያውቀው በዘመዶቹ ነው። ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተዋል። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ላይ ቢያንስ 54 ሰው መገደሉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘገበ። ታኅሣሥ 14 በመተከል ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ የተገደለው ከ100 በላይ እንደሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫም በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ ስለነበር ሰዉ ጠባቂ ነኝ የሚለውን በድምፁ የሚጠይቅበት ዕድል አላገኘም። ዘመዱን የቀበረ ሰው ማን እንደሚጠብቀው ጠይቆ መልስ ሲያጣ ወደ ክላሽ ነጋዴው ቢሄድ ባህሉን መመርመር ምን ይጠቅማል?

በአሜሪካም በወረርሽኙ መጀመሪያ፣ መጋቢት ላይ የመሣሪያ ገዢዎች ማጣሪያ ከ3.7 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ እስከዚያ በአንድ ወር ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር። ሳል በጥይት እንደማይመለስ እዚያም ሁሉም ያውቃል። የተፈራው ሥርዓቱ ሲላላ ሌላው ሰው የሚያደርገው ነው። ጎጃሜው የተለየ ፍጥረት እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ይበቃል።

«ባህሉ ነው» የሚለው አባባል ጉዳቱ መፍትሔ ሲፈለግ ይወጣል። ችግሩ ባህል ከሆነ መድኃኒቱ መዝግቦ መግፈፍ ይሆናል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው በዚያው በወረርሽኙ ዓመት ነው። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ጥበቃ ሳይቀድመው ሲመጣ ግን ፍርሃትን ይጨምራል። ጎጃም ይህን ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ገበሬው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ አመፀ፤ አውሮፕላን ተልኮበት እንኳ ስላልተበተነ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥተው ውዝፉን ምረው ነበር የበረደው። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የክልሉ ልዩ ኃይል ይፍረስ ሲባልም ሰዉ የሰማው ጠባቂ ሊያጣ መሆኑን ነው፤ የተከተለውን ጦርነት እናውቀዋለን።

ይህን ስል ክላሹ ፍርሃቱን ፈወሰ ማለቴ አይደለም፤ አልፈወሰም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰማይ በወረደ ድብደባ ቢያንስ 26 ሰው መገደሉ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ተነግሮታል። በየትኛውም ቤት የሚገኝ ክላሽ ያን አያስቆምም። በሰፈር ደግሞ ያው ክላሽ ትናንት በዱላ ያልቅ የነበረውን የወሰን ጠብ በአንድ ቃታ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ደም መላሽ ይነሣል፣ ጎረቤትም በተራው በሬውን ይሸጣል። ማታ በሩን ዘግታ ጥይቱ ከተቀመጠበት ሥር ልጆቿን የምታስተኛ እናት ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ ስሟ እንኳ አይነሣም።

ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች የመሣሪያ መዝገብ የሚከፍት ሰው የጠመንጃውን ቁጥር ብቻ ጽፎ አይሂድ። የተገዛበትን ወር ይጠይቅ፤ ምን ተሽጦ እንደተገዛ ይጠይቅ፤ ባለቤቱ ያን ጊዜ ያልተቆረጠለት ክርክር፣ ያልታረቀ ደም፣ ወይም ከመተከልና ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ዘመድ ነበረው እንደሆነ ይጠይቅ። የወረዳው ፍርድ ቤትና ሽማግሌዎቹ ያን ክርክር የሚያዩበት ቀን አብሮ ካልተቆረጠ ገበሬው ክላሹን የሚያስረክብበት ምክንያት የለውም።