የላቦራቶሪው ሶፍትዌር በአንድ ቦታ ይቀመጥ

አንድ ጥናት አለ፤ የምርምር ኃላፊዎች ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የሰዎችን የኤምአርአይ ምስል ወስደው ፍሪሰርፈር በተባለው የአንጎል መለኪያ ሶፍትዌር ደጋግመው ለኩ። ምስሉ ያው ነው፤ የቀያየሩት የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ ኮምፒውተሩንና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ነው። በቨርዥን መለያየት ብቻ የአንጎል ክፍሎች መጠን በአማካይ 8.8 በመቶ ተለያየ። ኮምፒውተሩን መቀየርም፣ ልዩነቱ አነስ ቢልም፣ ቁጥሩን ለውጦታል። አንድ በሽታ አንጎልን ምን ያህል እንደሚያሳንስ የሚያጠና ሰው በሽታው ያላመጣውን ለውጥ እንደ ግኝት ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው።

እኔ በማውቃቸው የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ደግሞ ሶፍትዌር የሚዞረው በፍላሽ ነው። አንዱ ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ የተባለ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከጓደኛው ይቀበላል፤ ሌላው ከዓመታት በፊት የተጫነውን ይጠቀማል፤ የሦስተኛው ኮምፒውተር ፍላሹ ይዞት በመጣው ቫይረስ ምክንያት ፎርማት ይደረጋል። ደህና የሚሠራው አንዱ ላይ ወረፋ ይያዛል። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ትንታኔው የተሠራበት ቨርዥንም በላፕቶፑ አብሮት ይሄዳል። አማካሪው በዓመቱ ሠንጠረዡን ልድገመው ቢል ከየት ይጀምራል?

መፍትሔው ግን አለ። ጄኔቭ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ለሙከራዎቹ የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር ሲቪኤምኤፍኤስ በተባለ የጋራ ፋይል ሲስተም ያሰራጫል። ሶፍትዌሩ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ተጠቃሚው ያነበዋል እንጂ አይነካካውም። ፋይሉ የሚወርደው በተፈለገበት ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዴ የወረደውም እዚያው አቅራቢያ ስለሚቀመጥ በየጊዜው እንደ አዲስ አይወርድም። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ግቢ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

በብዙ የምርምር ማዕከላት የተለመደው የሞጁል አሠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው። ተመራማሪዋ ተርሚናል ከፍታ «ሞጁል አቬይል» ብላ ስትጽፍ ያሉት ሶፍትዌሮች ከነቨርዥናቸው ይደረደሩላታል። «ሞጁል ሎድ» ብላ ስሙንና ቁጥሩን ስትጨምር የመረጠችው ይዘጋጅላታል። አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ በዚያው ሰዓት ሌላ ቨርዥን ቢመርጥ አይጋጩም። አዲስ ሲመጣም አሮጌው እዚያው ሊቆይ ይችላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ገንዘብ የለም ይባላል። ለዳታ ትንታኔ የሚያገለግሉት አርም ፓይተንም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ሲቪኤምኤፍኤስና ሞጁልም እንዲሁ። ለአንድ ትምህርት ክፍል እንዲያውም አንድ የሊኑክስ ሰርቨርና በኔትወርክ የሚጋራ ፎልደር ይበቃል። በክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር የግድ ከሆነም፣ ላይሰንሱ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥበት አማራጭ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፍታል፣ ለእያንዳንዱ ሰው መግዛት አያስፈልግም።

የሚጎድለው ሰው ነው። ሶፍትዌሩን የሚጭን፣ የሚፈትሽ፣ አሮጌውን የሚጠብቅ፣ የተጠቃሚን ጥያቄ የሚሰማ ባለሙያ። ፕሪንተር ሲጠግን የሚውለው የአይሲቲ ሠራተኛ ይህንን በትርፍ ሰዓቱ እንዲሠራው መጠበቅ ግፍ ነው። የቀጣዩ ዓመት የላቦራቶሪ በጀት ሲዘጋጅ ከኮምፒውተር ግዢው መስመር ቀጥሎ ለዚህ ሰው ደመወዝ ይያዝለት።