ባቡሩ የት ነው የሚቆመው? ከለገሃር እስከ ሰባተኛ

ራጉኤል አካባቢ የምትነግዱ ታውቁታላችሁ። ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ መርካቶ ቢደርስም ጉዞው ገና ነው። ከመኪና ይወርዳል፣ በተሸካሚ ጀርባ ወይም በጋሪ ተገፍቶ ሱቅ ይገባል። የቀላል ባቡሩ ሀዲድ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ በሰባተኛና በአውቶቡስ ተራ በኩል ያልፋል። ግን ሰው እንጂ ሸቀጥ አይጭንም። ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

አጼ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። የተሠራው ሀዲድ ጠባብ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ። ምክንያቱ ወጪ ነው። ጠባብ ሀዲድ በተራራ ጥግ በቀላሉ ይጠመዘዛል፣ ቁፋሮውም ይቀንሳል።

በዚያው ዘመን ቤልጅየም ተመሳሳይ ጠባብ ሀዲድ በየመንገዱ ዳር ዘረጋች። ባቡሩ በየመንደሩ እየቆመ ሰውም፣ የገበሬውን ምርትም ይጭን ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባቡሩ ገበያው ደጃፍ ድረስ ይሂድ።

የእኛው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሀዲዱ ተራራውን ሽሽት ሐረርን ትቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ጥንታዊቷ የንግድ ከተማ ቀረች፣ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ማረፊያው ለገሃር ሆነ፤ ገበያው ግን ላይ አራዳ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወርም ሀዲዱ አልተከተለውም። ክፍተቱን የሞላው የጭነት መኪናና የሰው ትከሻ ነው።

አሁንስ? ባለ 1.435 ሜትሩ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ከተማው ዳር ቀርቷል። በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ቲኬቱም ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በ2015 ግን የሚንቀሳቀሱት 10 እንደማይሞሉ ተዘግቧል። ችግሩ መለዋወጫ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል።

አሮጌው ባቡር ቢያንስ ድሬዳዋ ላይ የራሱ ወርክሾፕ ነበረው፤ ባለሙያው እዚያው እየጠገነ ያስኬደው ነበር። ያም ሆኖ ሀዲዱና ባቡሮቹ በጊዜው ስላልታደሱ አገልግሎቱ እየመነመነ ቆመ። ወርክሾፕ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ መለዋወጫ ከውጭ የሚጠብቀው ምን ሊሆን ነው?

እኛ ማዳበሪያ ሙሉ ሸቀጥ በሰው ባቡር ይጫን እያልን አይደለም። ግን መርካቶ በአዲስ መልክ ይሠራ በተባለ ቁጥር የሚነሳው ሕንፃ ነው። ዕቃው ከከተማው ዳር እንዴት ይምጣ? የት ይራገፍ? የቆሙትን ባቡሮች ማን እዚሁ ይጠግናቸው? እነዚህ ካልተመለሱ ዋጋውን የሚከፍለው ታውቁታላችሁ፦ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ተሳፋሪ፣ የማጓጓዣው ሂሳብ ዕቃው ላይ የሚጨመርበት ሸማች፣ ኩንታል ተሸክሞ የሚውለው ልጅ።

ሀዲዱ ጠበበም ሰፋም፣ ዋናው የሚቆምበት ቦታና የሚጠግነው እጅ ነው። ሰባተኛ ላይ ባቡር የምትጠብቁ፣ አሁን ስንት ደቂቃ እየፈጀባችሁ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።