ሃምሳ ዶላር ለመላክ ስንት ያስፈልጋል?

ባንክ ለሠራው ሥራ ዋጋ ሊቀበል የሚገባው መሆኑን ከመካከላችን የሚክድ የለም። ሸማኔው ለድካሙ፣ ባለ ታክሲው ለነዳጁ እንደሚያስከፍል ሁሉ ባንክም ለሠራተኛው፣ ለመሣሪያውና ለሚያስተላልፈው መልእክት ያስከፍላል። በዚህ እትም የምንከራከረው ዋጋ ለምን ተጠየቀ ብለን አይደለም። ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ከፋዩ ሳይከፍል በፊት ስለ ምን አይነገረውም? ደግሞስ ጫናው ከሁሉ ይልቅ ትንሽ ገንዘብ በሚልከውና በሚቀበለው ሰው ላይ የከበደው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በሕንፃ ኮሌጅ የሚማረውም፣ በኮሜርስ የሚማረውም፣ በጥቁር አንበሳ ሕክምና የሚማረውም ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ ብቅ ሲል ፊት ለፊት የሚገጥመው የባንክ ፎቅ ነው። ሰንጋ ተራ በስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል። ዛሬ በሰንጋው ፈንታ ዶላርና ዩሮ ይመነዘርበታል። ልዩነቱ የከብት ደላላ የድለላውን ሒሳብ በሬው ከመነዳቱ በፊት የሚናገር መሆኑ ነው።

ተማሪ ከእነዚህ መስኮቶች ፊት የሚቆመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ለመላክ ሲሆን፣ ይኸውም ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ፣ ለፈተና መመዝገቢያ፣ ለቪዛ ጉዳይ የሚውል ነው። አሜሪካ ሄዶ ለመማር የሚያስብ ባልንጀራችን ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መዝገብ ብቻ 350 ዶላር ይጠየቃል። ሁለተኛው ለመቀበል ነው። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን እኅት ወይም ወንድም የሚልከው ገንዘብ የስንቶቻችን የቤት ኪራይና የመጽሐፍ መግዣ እንደ ሆነ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን።

መላኩን እናስቀድም። አንድ ተመራቂ 50 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ መላክ አለበት እንበል። የእኛ አገር ባንክ በኒው ዮርክ ቅርንጫፍ የለውምና ገንዘቡን የሚያደርስለት ወኪል ባንክ በውጭ አገር ያስፈልገዋል። ትእዛዙ የሚተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በተቋቋመው፣ ስዊፍት በሚባለው የባንኮች መረብ ነው። ብዙ ሰው ስዊፍት ገንዘብ የሚያመላልስ ይመስለዋል፤ የሚያመላልሰው ግን መልእክት ብቻ ነው። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ባንኮቹ እርስ በርሳቸው በከፈቱት ሒሳብ ላይ በመጻፍና በመሠረዝ ነው። በዚህ ጉዞ ላኪው ባንክ ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ የመልእክቱን ዋጋ ለብቻው ያስከፍላል፤ በመካከል ያለው ወኪል ባንክ የራሱን ቆርጦ ያስቀራል፤ የተቀባዩም ባንክ እንዲሁ ሊቆርጥ ይችላል።

እነዚህ ክፍያዎች በአመዛኙ በገንዘቡ ልክ የሚሰፈሩ አይደሉም። ለትልቁም ለትንሹም ያው ናቸው። ለአብነት ያህል ጠቅላላው ወጪ 25 ዶላር ነው ብንል፣ 5,000 ዶላር ለሚልክ ነጋዴ ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ሲሆን 50 ዶላር ለሚልክ ተማሪ ግን የገንዘቡ ግማሽ ይሆናል። ነጋዴው በዕቃው ዋጋ ላይ ጨምሮ ከገዥው ይመልሰዋል። ተማሪው ከማን ይመልሰው?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በመካከል የሚቆረጠው ነው። በማስተላለፊያው ቅጽ ላይ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚል አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። ላኪው ሁሉንም ሊችል፣ ሁለቱ ሊካፈሉት፣ ወይም ሁሉ ከተቀባዩ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። የዚህችን ሣጥን ትርጉም የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ በመስኮቱ በኩል የሚያስረዳም አልበዛም። ስለዚህ ተማሪው 50 ዶላር ልኬያለሁ ብሎ ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ሲመለስ፣ ወዲያ ማዶ የደረሰው 35 ዶላር ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲውም ክፍያህ ጎዶሎ ነው ይለዋል። ጎዶሎውን 15 ዶላር ለማሟላት እንደ ገና ሌላ ሐዋላ፣ ሌላ ኮሚሽን፣ ሌላ የመልእክት ዋጋ ሊከፍል ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የማመልከቻው ቀን አይጠብቀውም። በውጤቱ የበቃ ተማሪ በ15 ዶላር ጉድለት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር የሚጠየቅ አካል የለም፤ ማንም ሕግ አልጣሰምና።

የሚቀበለው ሰው ኪሳራ ግን ለዐይን አይታይም። እኅቱ 200 ዶላር ስትልክለት 10 ዶላር ለአስተላላፊው ድርጅት ከከፈለች ያንን ታውቀዋለች። የማታውቀው በምንዛሪው ውስጥ የተሸሸገውን ነው። ባንኮች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ዋጋ የተለያየ መሆኑ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይታያል። አስተላላፊው በገበያው ካለው ዋጋ 3 በመቶ ዝቅ አድርጎ ቢመነዝርላት ሌላ 6 ዶላር ሄደ ማለት ነው፤ ለዚህ ግን ደረሰኝ የለውም። እንዲያውም «ያለ ክፍያ እናደርሳለን» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። 10 እና 6 ሲደመር ከ200 ላይ 8 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ከሐሳብ ብቻ የፈለቀ አይደለም። የዓለም ባንክ 200 ዶላር ለመላክ የሚወጣውን ወጪ በየጊዜው ሲያጠና ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ከዓለም ሁሉ ውድ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አማካዩ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓ.ም. ወጪው ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አድርጎ አጽድቋል። ድኻው ለድኻ ዘመዱ የሚልከው ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ ቀረጥ የሚከፍል መሆኑ እንግዳ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደ ቻለ መመልከት ይገባል። አገራችን ከ1965 እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ዶላርን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም አስራ ቆየች። በ1985 ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው እየተገፋ ሄደ። ሆኖም የመንግሥት ዋጋና የመንገድ ዋጋ አልተገናኙም። ከ2016 ዓ.ም. ለውጥ በፊት በባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ሲሆን በመንገድ ላይ እጥፍ ያህል ይጠየቅበት ነበር። ዋጋ በትእዛዝ ሲታሰር በሌላ በር መውጣቱ አይቀርም። ዶላር የጠፋበት ባንክ በሰሌዳው ላይ የማይጽፈውን ዋጋ በኮሚሽን ስም ቢያገኘው የሚያስደንቅ አልነበረም። ወረፋ ይዞ ወራት የሚጠብቅ ደንበኛ ስለ ኮሚሽን አይከራከርም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን አደረገ። ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተማሪው ቤተሰብ የከፈለውን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል፤ የዘይቱ ዋጋም የመጽሐፉም ዋጋ ይመሰክራል። እንግዲህ ዋጋው ነፃ ከወጣ ኮሚሽኑ የተሸከመው የድሮ ሸክም መውረድ ነበረበት። ነገር ግን ዶላሩ በገበያ ዋጋ ሲሸጥ ኮሚሽኑ በድሮ ልማዱ ቀጠለ። ብሔራዊ ባንክ ራሱ ነገሩን አስተውሎ ገደብ ወደ ማበጀት መግባቱን በደስታ እንመለከተዋለን። ይሁንና ገደብ የሚያወጣው ለመቶኛው ነው። 50 ዶላር የሚልከውን የሚጎዳው ግን መቶኛው ሳይሆን ቁርጡ ክፍያ መሆኑን ከላይ አሳይተናል።

የባንክ ሰዎች መልስ እንዳላቸው አናጣም። ወኪሉን ባንክ እኛ አናዝዘውም ይላሉ፤ እውነት ነው። የገንዘብ ዝውውርን መመርመር፣ ሕገ ወጥ ገንዘብን መለየት ወጪ አለው ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። እንዲያውም የአንዲት ትንሽ ሐዋላ ምርመራና የአንድ ትልቅ ሐዋላ ምርመራ ድካሙ ያው ነው የሚለውን ክርክር እናከብራለን። ነገር ግን ወጪ መኖሩ ዋጋን ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። ወኪሉ የሚቆርጠው ስንት እንደ ሆነ ባንኩ በየቀኑ ሲያየው ይኖራልና፣ ቢያንስ ግምቱን ለደንበኛው መናገር አይሳነውም።

በሌላ አገር ይህ ተሠርቷል። በአሜሪካ ከጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ሐዋላ አስተላላፊ ሁሉ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ምንዛሪውንና ተቀባዩ እጅ የሚገባውን መጠን በጽሑፍ እንዲያሳይ በሕግ ተገድዷል። ላኪውም በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ተቀባዩ ካልወሰደው በቀር፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ደንብ በአባል አገሮች መካከል የሚላክ ዩሮ በአገር ውስጥ ከሚላከው የበለጠ ክፍያ እንዳይጠየቅበት ወስኗል። ባንኮቹ ይህን በመጀመሪያ ሲሰሙ እንከስራለን ብለው ነበር ማለት አንችልም፤ እስከ ዛሬ ግን መሥራታቸውን እናያለን። እንግዲህ በዋሽንግተን ያለችው እኅት ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ፣ በልደታ ያለው ወንድሟ ስንት እንደሚደርሰው የሚያውቀው ገንዘቡ ሒሳቡ ላይ ከገባ በኋላ ነው።

ከባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ «ይህን ሁሉ ከማሰብ ወደ ጥቁር ገበያው ብንሄድስ» ሲሉ እንሰማለን። ሕገ ወጥ መሆኑን መናገር የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። በእጅ የተገዛ የዶላር ወረቀት በውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም፤ ደረሰኝም ስለሌለው የተበላ ገንዘብ ተከራክሮ የሚመልሰው የለም። ለተማሪ መፍትሔው በመስኮቱ በኩል ካልመጣ በሌላ በኩል አይመጣም።

ስለዚህ ከባንኮቹ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ተማሪ ወደ መስኮቱ ሲቀርብ፣ ከመፈረሙ በፊት፣ ከሒሳቡ የሚወጣውን፣ በምን ምንዛሪ እንደ ሆነና ወዲያ ማዶ የሚደርሰውን በአንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ይስጡት። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውንም ሣጥን ያስረዱት። የመግቢያ ወረቀት ላሳየ ወይም ማመልከቻውን ላቀረበ ተማሪ፣ ለትምህርት ጉዳይ የሚላክ ትንሽ ገንዘብ ቁርጡ ክፍያ እንዲነሣለት ወይም በገንዘቡ ልክ እንዲሰፈር ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ቢያዝ ባንኮቹን የሚያከስራቸው አይመስለንም።

ለመምህራኖቻችንና ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደርም አንድ ሐሳብ አለን። ክፍያው በመልእክት ቁጥር እንጂ በሰው ቁጥር ካልሆነ፣ ወደ አንድ የፈተና ድርጅት የሚሄድ የ20 ተማሪዎች ገንዘብ በአንድ ሐዋላ ሊላክ ይችላል። ቀድሞ ባቀረብነው አብነት 25 ዶላሩ ለ20 ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ተማሪው ብሩን ለገንዘብ ቤቱ ያስረክባል፤ ገንዘብ ቤቱም በወር አንድ ጊዜ የስም ዝርዝር አያይዞ ይልካል። ተቀባዩ ድርጅት መስማማት እንዳለበት እናውቃለን፤ ጠይቆ መልሱን ማግኘት ግን የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው።

ክርክራችንን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ለማቅረብ እንዲያመቸን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ገንዘብ የላካችሁ ወይም የተቀበላችሁ ሁሉ ደረሰኛችሁን ገልብጣችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታመጡ እንለምናለን። ስማችሁንና የሒሳብ ቁጥራችሁን በቀለም ሸፍኑት። የተላከውን፣ የተቆረጠውንና የደረሰውን ብቻ ተዉልን።