የተፈተነና ያልተፈተነ ብረት
ወርቅ በእሳት ተፈትኖ ጥራቱ እንደሚታወቅ፣ የመንገደኛን ነፍስ ይጠብቃል ተብሎ በአውራ ጎዳና ዳር የሚተከለው የብረት መከላከያም በግጭት ተፈትኖ ጽናቱ ሊታወቅ ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የጸናው ሥርዓት አጥሩን በ2000 ኪሎ ግራም ፒክአፕና በ820 ኪሎ ግራም አውቶሞቢል ይፈትን ነበር፤ ዳሩ ግን ተሽከርካሪዎች ዓመት በዓመት እየከበዱ ስለ ሄዱ፣ በ2009 የወጣውና ማሽ ተብሎ የሚጠራው መመሪያ ክብደቱን ወደ 2270 እና ወደ 1100 ኪሎ ግራም ከፍ አድርጎ፣ በተለመደው የአውራ ጎዳና ደረጃ ሁለቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየገሠገሡ በ25 ዲግሪ እንዲመቱት ደነገገ። ሆኖም ሥርዓት በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ብቻ ነፍስ አያድንም፤ ትሪኒቲ የተባለው ኩባንያ በ2005 በአጥሩ ጫፍ የሚገጠመውን የብረት ራስ መተላለፊያ ከ5 ኢንች ወደ 4 ኢንች አጥብቦ፣ ለውጡን ለፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ሳይገልጽ በመሸጡ፣ በ2014 በቴክሳስ የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች መንግሥትን አታሏል ብለው ቢፈርዱበትም፣ በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ነገሩን እያወቀ ዕቃውን ማጽደቁንና ዋጋውን መክፈሉን አላቋረጠም ሲል ፍርዱን ሻረው። በሕግ ሚዛን ይህ ብያኔ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በኅሊና ሚዛን ግን የመንግሥት ማጽደቅ ብቻውን የብረትን ጽናት አያረጋግጥም። ምስክርነት የሚጸናው ለተፈተነው ዕቃ እንጂ ስሙን ለወረሰው ሁሉ አይደለምና፣ ለውጡ የአንድ ኢንች ያህል እንኳ ቢሆን ዕቃው ዳግመኛ ይፈተን፤ በየመንገዱ የደረሰውም አደጋ ተመርምሮ ከቤተ ሙከራው ውጤት ጋር በአደባባይ ይነጻጸር፤ ይህን ግዴታ የማይፈጽም አምራች ዕቃውን በሕዝብ ገንዘብ ሊሸጥ አይገባውም።