መድኃኒቱ አድራሻውን ያውቃል፤ በሽተኛውስ?



ስለ ጥቃቅን የመድኃኒት ከረጢቶች ወሬ በተነሣ ቁጥር ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል «ይህ የሀብታም አገር ጉዳይ ነው፤ እኛ ጌጫ ላይ ሆነን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ባጭሩ ላቅርብ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። የምንውጠው ክኒን ወይም የምንወጋው መርፌ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ሰውነትን ሁሉ ያዳርሳል። የታመመው ጉበት ቢሆንም ኩላሊቱም ልቡም ድርሻቸውን ይቀበላሉ። መድኃኒቱ ብርቱ ከሆነ ታዲያ ጤነኛውን ክፍል ይጎዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በጥቃቅን ከረጢት ጠቅልሎ መላክን ዘየዱ፤ እናቶቻችን ቅቤን በኮባ ጠቅልለው ገበያ እንደሚያወርዱት መሆኑ ነው። ከረጢቱ ከፖሊመር ሊሠራ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግል አንዱ ፖሊመር የሚሠራው እርጎን ከሚያኮመጥጠው ከላክቲክ አሲድ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሟ መድኃኒቱን በሳምንታትና በወራት ይለቃል። ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን ትልልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ ቀስ እያሉ ሊለቀቁ እንደሚችሉ ያሳዩት በ1976 ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም ከስብ የሚሠራውን፣ ሊፖሶም የተባለውን ከረጢት ለዓለም አስተዋውቋል። ለአገራችን ድሃ በሽተኛ ቀድሞ የደረሰለት ይኸኛው፣ የስቡ ከረጢት ነው።

የደረሰለትም ለካላዛር ነው። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በአገራችን በተለይ የሚያጠቃው በሑመራና በመተማ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ለቀን ሥራ የሚወርደውን ወጣት ነው። ነገር ግን የሰሜኑ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በታችኛው ኦሞም ይገኛል። በእንዶድ ግኝታቸው የምናውቃቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ ሳይቀሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ካላዛር በ1970ዎቹ አጥንተዋል።

በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ የሚደበቀው የት መሰላችሁ? ጠላትን ውጠው እንዲያጠፉ በተፈጠሩት፣ ማክሮፌጅ በተባሉት የሰውነት ዘበኞች ሆድ ውስጥ ነው። ሌባ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እንደ መተኛት እኮ ነው! ጣፊያው፣ ጉበቱና መቅኔው በእነዚህ ዘበኞች የተሞላ በመሆኑ በሽታው እዚያው ይራባል፤ ጣፊያም ያብጣል። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ተሕዋሱን ይገድለዋል፤ ዳሩ ግን እንዲሁ ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። በሊፖሶም ሲጠቀለል ግን ነገሩ ተለወጠ። አምቢሶም የተባለው ይህ መድኃኒት ከረጢቱ ከ100 ናኖሜትር ያንሳል፤ በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ አንድ ሺህ ያህሉ በሰልፍ ሊቆም ይችላል። ማክሮፌጆቹ ባዕድ ነገር መጣ ብለው ከረጢቱን ይውጡታል። ተሕዋሱን ያስጠለለው ሆዳምነታቸው መድኃኒቱንም እዚያው ጓዳ ድረስ ያስገባዋል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከሣይንስ ትምህርት እንዲህ ያስደነቀኝ ጥቂት ነው።

ተአምር ነው ብዬ ግን አላጋንንም። በሕንድ አገር አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት አብዛኛውን በሽተኛ ሲያድን በምሥራቅ አፍሪካ ይኸው አልበቃም፤ በቀናት ልዩነት ደጋግሞ በደም ሥር መስጠት ግድ ሆኗል። ዋጋውም ውድ ነው። የሚያመርተው ጊልያድ የተባለው ኩባንያ በ2011 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ 445,000 ጠርሙስ በአምስት ዓመት ውስጥ በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ፤ በ2016ም ስምምነቱ ታደሰ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በልገሳ የሚመጣ መድኃኒት ለጋሹ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ይመጣል። በአገራችንም ለረጅም ጊዜ የተለመደው ሕክምና 17 ቀን ሙሉ ሁለት ዓይነት መርፌ መወጋት ሲሆን፣ አምቢሶም በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ኤች አይ ቪ ላለባቸውና በጣም ለተጎዱት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ከረጢቱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የታመመውን ሕዋስ ራሱ ያገኘዋል። የታመመውን ሰው ግን ማን ያገኘዋል? በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የሆነውን ተመልከቱ። በ2005 ወረርሽኙ ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ሞቷል። ቦታው ደጋማ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ካላዛር ደግሞ የቆላ በሽታ ነው ይባል ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። በሽታውን ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። እኛም ደገኞች ነን፤ ከእኛም ሰፈር ሥራ ፍለጋ ቆላ የሚወርድ ልጅ ሞልቷል። ሕክምናው ደግሞ በየጤና ጣቢያው ያለ አይደለም፤ ጎንደርና አርባ ምንጭ ካሉት ማዕከሎች የትኛው ይቀርበናል?

ስለሆነም ሐሳቤ ይህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ስለ ሰውነት መከላከያ በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ የማክሮፌጁን ታሪክ እንንገር፤ ሕፃናቱ የሌባውንና የፖሊስ ጣቢያውን ነገር አይረሱትም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይህ ይጻፍ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የወባ መድኃኒት ያልመለሰው፤ በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ፤ ክሳት። ልጁ ማታ ቤት ገብቶ ከቆላ ለተመለሰው ወንድሙ ያወራል። ወንድምየው ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ወባ ይዞኛል» ብሎ ዝም አይበል፤ የት አገር ሠርቶ እንደመጣና ስንት ወር እንደቆየ ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይናገር።