በጋን የሚራባው የዓሣ ሥጋና የማኅበሩ ኩሬ

እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ከሕዋስ የተመረተ የሳልመን ዓሣ ሥጋ በምግብ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ይህን የሰማ የኅብረት ሥራ ማኅበር «እንግዲህ ኩሬ መቆፈሩ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። በእኛ አስተያየት ግን ይጠቅማል።

ከዓሣ አካል ተለይቶ በብረት ጋን የሚራባ ሕዋስ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ማዕድንና ቫይታሚን ተመጥኖ ሊሰጠው ይገባል። ራሱን ከባክቴሪያ ስለማይከላከል ጋኑ ፍጹም ንጹሕ፣ ሙቀቱም የተስተካከለ መሆን አለበት፤ መብራት ከተቋረጠ ምርቱ ለብልሽት ይጋለጣል።

ቆሮሶ ግን በኩሬው የሚበቅለውን አልጌ ጭምር እየተመገበ ያድጋል፤ ብዙ በሽታንም በተፈጥሮው ይቋቋማል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞች አዲሱን ዘዴ ለአባላት በትክክል ያስረዱ፤ ውኃ ዓመቱን ሙሉ በሚገኝበት ቦታ ግን የማኅበሩ ገንዘብ አስቀድሞ ለኩሬ፣ ለዓሣ ጫጩትና ለመኖ ይዋል።